የበር ቁጥር ስንሞላ አይንጋብን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ በሕንፃ ዲዛይን ሥራ የምተዳደር አንባቢያችሁ ነኝ። ስለ ግንባታ የምትጽፉትን ሳላነብ አላልፍም። ሲሚንቶ ጨመረ፣ ብረት ጠፋ፣ ኮንትራክተሩ ጥሎ ሄደ፤ ይሄ ሁሉ ይጻፋል፣ መጻፍም አለበት። ስለ ሕንፃው ሥዕል ግን የሚጽፍ አላየሁም። ሥዕሉን የሚሠሩት ልጆች ሌሊቱን ምን ሲያደርጉ እንደሚያድሩ፣ እዚያ ላይ የምትፈጠር አንዲት ስህተት ሳይት ላይ ስንት ብር እንደምታስወጣ የሚያነሳ የለም። እኔ ዛሬ እሱን ላንሳ። በተለይ ደግሞ በነፃ ስለሚገኙ ፕለጊኖች ልጽፍ ነው። የምንሠራበት ሶፍትዌር ላይ ተጨምረው እሱ በራሱ የማይሠራውን ስለሚሠሩልን ትንንሽ ፕሮግራሞች ማለቴ ነው፤ አድኢን የሚላቸውም አለ።

መጀመሪያ የደረሰብንን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሳቢያን አካባቢ ለሚሠራ ጂ ፕላስ አራት የእንግዳ ማረፊያ ሥዕል እንሠራ ነበር። በሩ ብቻ 126 ነው። ፈቃድ ልናስገባ ሁለት ቀን ሲቀረን ባለቤቱ መጥተው አንደኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ይጨመርልኝ አሉ። እሺ ጋሼ አልናቸው፤ ምን ይባላል። ክፍሉን መጨመሩ ቀላል ነው። ችግሩ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። የሕንፃ ሥዕል የምንሠራበት ሶፍትዌር፣ ሬቪት፣ አዲስ በር ስታስገባበት ከመጨረሻው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ይሰጠዋል እንጂ የየትኛው ፎቅ በር ነው ብሎ አያስብልህም። አንደኛ ፎቅ ላይ በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ መሃል ድንገት 127 የሚል በር ተቀመጠ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ያሉትን በሮች በሙሉ፣ አንድ በአንድ እየነካን፣ የድሮውን እያጠፋን አዲሱን መጻፍ ነበረብን።

ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ ያለው ሙቀት ብዙ አያሠራም፤ እኛም እንደ ብዙው ሰው ማታውን ነው የምንጠቀመው። ያን ሌሊት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ መጣ። ከየት እንዳቆምን ለማስታወስ ወደ ኋላ ተመለስን። በዚያ መሃል 47 ቁጥር ለሁለት በር ተሰጠ፤ አንዱ 90 ሴንቲሜትር የመኝታ ክፍል በር፣ ሌላው 70 ሴንቲሜትር የመታጠቢያ ቤት በር። ሬቪት በእርግጥ ተናግሯል። ቁጥሩ ተደግሟል የምትል ማስጠንቀቂያ በስክሪኑ ጥግ ብቅ ትላለች። ግን ያን ሌሊት እንደዚያ ያለ ማስጠንቀቂያ በየደቂቃው ነበር የሚወጣው፣ ምክንያቱም መሃል ላይ ያለ ቁጥር ሁሉ ለጊዜው ይደገማል። ዘግተን ቀጠልን።

ከወራት በኋላ ብረታ ብረት ቤቱ የበሮቹን ልክ በቁጥራቸው እያየ ሠርቶ አመጣ። ለመታጠቢያ ቤቱ 90 ሴንቲሜትር በር። ግንበኛው ደግሞ ፕላኑን አይቶ 70 ትቶ ጨርሷል፣ ሴራሚኩም ተለጥፏል። ማን ይመለስ? ግድግዳው ተሰበረ። ባለቤቱ ምንም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ሴራሚኩ ሲፈርስ ቆመው ነው ያዩት። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ዓመት ያህል ቆይቶ አዲስ ተመራቂ ልጅ ቢሮአችን ገባ። ሌላ ሕንፃ ላይ ያንኑ ሥራ ስንሠራ አየንና፣ «ወንድሜ፣ ይሄን በእጅ ነው እንዴ የምትሞሉት?» አለኝ። ላፕቶፑን ከፍቶ ፓይሬቪት የሚባለውን አሳየኝ። ሬቪት ላይ አዲስ ረድፍ ቁልፎች ተጨምረዋል። ሪነምበር (ቁጥር ቀይር) የምትለዋን ነካ፣ በሮችን በክፍላቸው የሚለውን መረጠ። ከዚያ በሩን ነካ፣ ክፍሉን ነካ። በሩ የክፍሉን ቁጥር ወሰደ። ቀጣዩ በር፣ ቀጣዩ ክፍል። ሁለት ንክኪ ለአንድ በር ማለት ነው። አንድ ፎቅ ሙሉ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ደስም አለኝ፣ አዘንኩም። ያ ግድግዳ ነው ትዝ ያለኝ።

አንዳንድ ሰው ይሄን ሲሰማ ማጭበርበር ይመስለዋል። አይደለም። ሬቪትን የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው ለውጭ ፕሮግራም ጻፊዎች የከፈቱት መግቢያ አለ፤ ኤፒአይ ይባላል። ፕለጊን በዚያ ገብቶ አንተ በመዳፊት የምታደርገውን በትእዛዝ ያደርገዋል። ነገሩም አዲስ አይደለም። ሌላው የሥዕል ሶፍትዌር አውቶካድ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ አውቶሊስፕ የሚባል ትእዛዝ የሚጻፍበት ቋንቋ ስለነበረው ከኛ በፊት የነበሩት ድራፍትስማኖች (ነዳፊዎች) በሱ የተጻፈ የሊስፕ ፋይል ይቀባበሉ ነበር። ሬቪት ደግሞ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ በ2002 የአውቶካድ ባለቤት የሆነው ድርጅት አውቶዴስክ በ133 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ስንት ነዳፊ እንደኛ ሌሊቱን በር ሲቆጥር ቆይቶ በቃኝ ብሎ ቁልፍ ሠርቷል። ብዙዎቹ የሠሩትን በነፃ ሰጥተዋል። እኛ ነን ያልወሰድነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። በአማርኛ ነፃ ስንል ያልተከፈለበትንም ነፃነት ያለውንም ነው፤ ፕለጊን ላይ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። ፓይሬቪት ሁለቱንም ነው። ኢህሳን ኢራን-ነጃድ የሚባል አርክቴክት ጀምሮት ብዙ ሰው ያሳደገው ሥራ ሲሆን ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ፣ በሙሉ ክፍት ነው፤ ከፍተህ ታነበዋለህ፣ ታስተካክለዋለህ፣ ለጓደኛህ ብትሰጠውም ፈቃዱ ይፈቅድልሃል። ዳይናሞም እንደዚሁ ኮዱ ክፍት ነው። የውኃ መሳቢያውን ማለቴ አይደለም፤ ኮድ መጻፍ ለማይችል ሰው ሳጥን ከሳጥን በመስመር እያገናኘ ትእዛዝ የሚሠራበት ነው። ከሬቪት 2020 ወዲህ ደግሞ ከራሱ ከሬቪት ጋር አብሮ ይጫናል። ሬቪት ያለው አብዛኛው ሰው አለው ማለት ነው! ከፍቶት የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ከዚህ ሌላ ዋጋ የማያስከፍሉ፣ ኮዳቸው ግን የድርጅታቸው የሆነ አሉ። ዲሩትስ የሚባለው ድርጅት የሠራው ሺትሊንክ እንደዚያ ነው፤ እኔ በነፃ ነው ያወረድኩት። የበሩን፣ የመስኮቱን፣ የክፍሉን ሠንጠረዥ ወደ ኤክሴል ያወጣልሃል፣ እዚያ ላይ አስተካክለህ መልሰህ ወደ ሬቪት ታስገባዋለህ። ኤክሴል የማይችል የቢሮ ሰው ስለሌለ ጸሐፊዋም ሆነች የሥራውን መጠን የሚያሰላው ኳንቲቲ ሰርቨየር ሊያግዙህ ይችላሉ። ለአሥራ አምስት ቀን ሞክረህ ክፈል የሚለው ግን ነፃ አይባልም፤ ሳያነቡ መጫን እዚያ ላይ ነው ጣጣው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ነፃው እያለ ልጆቻችን ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ፣ የሚከፈልበት ፕለጊን ይፈልጋሉ። በፍላሽ ይመጣል። አብሮት አንድ የጽሑፍ ፋይል አለ፣ የመጀመሪያው መስመር አንቲቫይረስህን አጥፋ ይላል። አስቡት፤ ሌባ ዘበኛህን አሰናብትና ልግባ ሲልህ ማለት እኮ ነው። በቅርብ የማውቀው አንድ ቢሮ እንዲህ ሲያደርግ ጠዋት ሲገቡ የፋይሎቹ ስም መጨረሻ በሙሉ ተለውጦ አገኙት። አንዱም አይከፈትም። ዶላር ክፈሉ የሚል መልእክት ተቀምጧል። መጠባበቂያ ብለው ያስቀመጡት ሃርድ ዲስክ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ስለነበር እሱም አብሮ ሄደ። የሦስት ሕንፃ ሥዕል ከታተመው ወረቀት ላይ እያዩ እንደገና ሣሉት። ከልጆቹ አንዱ በዚያ ሰሞን ሥራውን ለቀቀ።

ሶፍትዌሩ ራሱ ውድ ነው፣ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ይሄን አውቃለሁ። ለተማሪና ለመምህር አውቶዴስክ በየዓመቱ የሚታደስ ነፃ ፈቃድ እንደሚሰጥ የማያውቅ ተማሪ ግን ዛሬም ያጋጥመኛል። ሬቪት ጨርሶ ለማይቻለው ደግሞ ፍሪካድ የሚባል የንድፍ ፕሮግራም አለ፣ ብሌንደር በሚባለው ፕሮግራም ላይ የሚጫነው ቦንሳይ አለ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ አይኤፍሲ በሚባለው የጋራ ፋይል ከሬቪት ጋር ሥራ ይለዋወጣሉ። እሱን ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

ነፃ ነው ተብሎም ዝም ብሎ አይጫንም። ሬቪት ያልተፈረመበት ፕለጊን ሲያገኝ ገና ሲከፈት ይጠይቅሃል፤ ሁልጊዜ ጫን፣ ለአሁኑ ብቻ ጫን፣ አትጫን ይላል። ብዙው ሰው ሳያነብ የመጀመሪያውን ነክቶ ያልፋል። የሠሪውን ስም አንብቡ። ከራሱ ከሠሪው ቦታ ያወረዳችሁት ካልሆነ አትጫኑ። ዓመቱንም እዩ፣ ፕለጊን ከሬቪት ዓመት ጋር መግጠም አለበት። ሬቪት 2025 ሲመጣ ውስጡ ያለው የፕሮግራም መሠረት ዶትኔት 8 ወደሚባለው ስለተቀየረ የድሮ ፕለጊኖች እንደገና ካልተዘጋጁ አልሠራም አሉ። የኔ ቢሮ ልጆች ተበላሸ ብለው ሁለት ቀን ለፉበት። ከዚህም በላይ በአዲሱ ሬቪት ያስቀመጥከው ፋይል በአሮጌው አይከፈትም፣ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ሥራ ሲጀመር አርክቴክቱ፣ ስትራክቸሩ፣ ሳኒተሪው፣ ኤሌክትሪኩ አንድ ዓመት ላይ ቢስማሙ ጥሩ ነው። በስልክ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ንግግር ነው።

ፕለጊን ጊዜ መቆጠቢያ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መጋላ አካባቢ ንግድ ቤት የሚያሠሩ አንድ ሐጂ ነበሩ። የሕንፃው ፊት ወደ ሰሜን ነው። «ልጄ፣ ሰሜን ፀሐይ የለውም፤ ሙሉውን መስታወት አድርግልኝ» አሉኝ። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ግን ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.6 ዲግሪ ላይ ብቻ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን አልፋ በሰሜን በኩል ነው የምትመጣው። ያውም ዋናው የድሬ ሙቀት ወር እዚያ ውስጥ ነው። በቃል ብነግራቸው አያምኑኝም ብዬ ሬቪት ላይ የፀሐይዋን መንገድ ከፈትኩና «ሐጂ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» አልኳቸው። ሰኔ 14 ቀን እኩለ ቀን ላይ አደረግኩት። ጨረሩ መስታወቱን አልፎ ወለሉ ላይ ወረደ። ዝም ብለው አዩት። «ታዲያ ምን ይሻላል?» አሉኝ።

ዳይናሞ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። የፀሐይዋን አቅጣጫ ከሬቪት ወስዶ ከመስኮቱ በላይ ስንት ሴንቲሜትር ጥላ መውጣት እንዳለበት እንዲያሰላልኝ አደረግኩት። በሰኔ ቀትር ፀሐይዋ ከአናት ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ ገደማ ነው የምታዘነብለው፣ ስለዚህ ሁለት ሜትር ቁመት ላለው የሰሜን መስኮት 50 ሴንቲሜትር ያህል ጥላ ለቀትር ይበቃዋል። በደቡብ በኩል ላለው ተመሳሳይ መስኮት ግን በታኅሣሥ ፀሐይዋ 33 ዲግሪ ስለምታዘነብል 1 ሜትር ከ30 ይፈልጋል። ሐጂ መስታወቱን ቀነሱ፣ ጥላውን ጨመሩ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ከደረሰ በኋላ ከዚራ ላይ የተሠሩትን አሮጌ ቤቶች እዩዋቸው፤ ሰፋፊ በረንዳ ነው ያላቸው። ሰዎቹ ኮምፒውተር አልነበራቸውም፣ ፀሐይዋን ግን ያውቋት ነበር። እኛ ኮምፒውተሩን ይዘን ከሌላ አገር የመስታወት ሕንፃ እንቀዳለን፣ ከዚያ በላዩ ኤሲ እንገጥምለታለን።

በጣም የምጓጓለት ነገር ግን ሌላ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች እኛን እንዲያውቁን ማድረግ ይቻላል። አማርኛውን ብቻ እንውሰድ። የክፍል ስም በአማርኛ ጽፈህ ፕሎት ወደሚያደርጉት፣ በትልቅ ወረቀት ወደሚያትሙት ቤት ስትወስደው ባዶ ሳጥን ሆኖ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ሬቪት ላይ የሚጻፈው የዊንዶውስን ፊደል ተጠቅሞ ስለሆነ ኒያላ ወይም ኢብሪማ የሚባለውን የፊደል ዓይነት መርጦ በፒዲኤፍ ማውጣት ነው መድኃኒቱ፤ ከ2022 ወዲህ ሬቪት ፒዲኤፍ በቀጥታ ያወጣል። ይሄ ቀላሉ ነው። ቀኑስ? የሥዕሉ ሰንጠረዥ ላይ የሚወጣው የፈረንጅ ቀን ነው። ባለቤቱም አናጢውም ግንበኛውም የሚያውቁት የኛን ነው፤ የትኛው ሥዕል የመጨረሻው ነው እየተባለ ሳይት ላይ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ፓይሬቪት ላይ በአንድ ፎልደር ውስጥ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ጽሑፍ ካስቀመጥክ ራሱ ቁልፍ አድርጎ ያወጣልሃል። እኔ ፓይተን በትርፍ ጊዜዬ የተማርኩ ሰው ነኝ። በሦስት ቅዳሜ ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይሮ በሁሉም ሺት (የሥዕል ገጽ) ላይ የሚጽፍ ቁልፍ ሠራሁ። አሁን የቢሮው ሰው ሁሉ ይጠቀምበታል።

ቢል ኦፍ ኳንቲቲው፣ የሥራው መጠን ዝርዝር፣ ግን ገና ነው። መጠኑ ተለክቶ የሚጻፍበት የኛ ቴክኦፍ ሺት የራሱ ቅርጽ አለው፤ ብዛት፣ ርዝመት፣ ወርድ፣ ቁመት፣ ድምር እያለ ነው የሚሄደው፣ አማካሪውም ኮንትራክተሩም እሱን ካላየ አይፈርምም። ሬቪት ግን ጠቅላላ ካሬውን ይሰጥህና ዝም ይላል። በዳይናሞ ወደ ኤክሴል እያወጣሁ በኛ ቅርጽ ለመደርደር ሞክሬ ነበር፣ ግማሽ ድረስ ሄዷል። እዚያ ላይ የተማርኩትን ልናገር፤ መሣሪያው የሣልከውን ነው የሚቆጥረው። አንድ ጊዜ ልስኑን እንደ ግድግዳ ለብቻው ስለሣልነው የብሎኬቱ ካሬ ሜትር በእጥፍ ወጣ። አንድ ክፍል በእጄ ለክቼ ባላመሳክር ኖሮ እንደዚያው ይወጣ ነበር። አሁን የመጣውን ሁሉ አንድ ክፍል በካልኩሌተር ሳልፈትሽ አልልክም፣ ልጆቹንም አላስልክም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይሄን ነው። የቢሮ ባለቤቶች፣ እባካችሁ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ለልጆቻችሁ ስጧቸው። ሥራ አቁመው ይጫወታሉ አትበሉ፤ በዚያ ሰዓት የሚያገኙት ቁልፍ በወሩ መጨረሻ ሌሊቱን ይመልስላችኋል። ኢንተርኔቱ ውድ ነው ለምትሉ፣ ፓይሬቪት አንድ ጊዜ ከዋናው ቦታ ከወረደ ለቢሮው ሁሉ ይበቃል። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ደግሞ ተማሪው ሬቪት ላይ ግድግዳ ማቆም ብቻ ሳይሆን አንዲት ትንሽ ዳይናሞ ሠርቶ እንዲወጣ አድርጉ። በድሬም በሐረርም ኮድ የሚችሉ የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ሥራ ፈልገው ተቀምጠዋል፣ እኛ ደግሞ ሁለት መንደር አልፈን በር እንቆጥራለን። መምህራኑ ተማሪዎቹ የመመረቂያ ሥራቸውን ከኛ ችግር እንዲመርጡ ቢያገናኙን የቴክኦፉ ፕለጊን በአንድ ዓመት ያልቃል ብዬ አምናለሁ።

እናንተም ጋዜጠኞቹ፣ በወር አንድ ጊዜ እንኳ ለእንዲህ ያለው ነገር አንድ ዓምድ ብትሰጡ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። የመጀመሪያውን እኔ እጽፋለሁ፤ ፓይሬቪትን ከመጫን እስከ መጀመሪያዋ ቁልፍ ድረስ።

የቀን መቀየሪያዋን የሚፈልግ ሁሉ ላፕቶፑን ይዞ ይምጣ፣ አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ አለ። መጀመሪያ ላይ ጳጉሜን 6ን መስከረም 1 እያለች ታሳስት ነበር፤ አስተካክያታለሁ፣ በ2015ቱ ጳጉሜን ፈትኛት በትክክል ጽፋለች።

አክባሪያችሁ፣
የሕንፃ ዲዛይን ባለሙያ፣ ከድሬዳዋ